አባቴ ለሁላችንም መለሰ

በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ቆጣሪው ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲመጣ አባቴ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ቆጣሪው ልጅ እግር ነው፤ ቦርሳ አዝሏል። ውሃ ቀረበለት፣ ጠጣ፣ መጠየቅ ጀመረ። ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት እያለ ወርዶ ሃይማኖት ላይ ደረሰ።

“ኦርቶዶክስ” አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ።

“ሁላችሁም?”

“ሁላችንም።”

አክስቴ ከጓዳ ጮኸች። “ኧረ እኔን ለይልኝ ወንድሜ! እኔ ጌታን ተቀብያለሁ!”

አባቴ ጋዜጣውን አጠፈ። ትንሽ ዝም አለና “እሺ፣ ለእሷ ጴንጤ ብለህ ጻፍላት” አለው። ልጁ ፕሮቴስታንት የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ጾም ከተውኩ ሰነባብቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሰርግ፣ ለክርስትናና ለቀብር ነው። በመዝገቡ ላይ ግን እንደ እናቴ እኩል ኦርቶዶክስ ሆኜ ተቆጠርኩ፤ እናቴ እኮ ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጠብ ሳታደርግ የምትጾም ሴት ነች። ቆጠራ እንዲህ ነው የሚሠራው። አብዛኛውን ጊዜ ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚመልሰው አባወራው ወይም እማወራዋ ነች።

ከዚያ ቆጠራ የወጣው ውጤት ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት ከ18 በመቶ በላይ ይላል። በ1987ቱ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 50.6፣ ፕሮቴስታንት 10.2 በመቶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥም የኦርቶዶክሱ ድርሻ ከ82 በመቶ አካባቢ ወደ 74.7 ወርዷል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይመታል፣ አንዳንዱ እልል ይላል። የቀነሰው ግን ድርሻው ነው። የኦርቶዶክሱ ቁጥር በእነዚያ ዓመታት ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቆጠራ እየተራዘመ እየተራዘመ ቀርቷል። በየፌስቡኩ “እኛ ነን የምንበዛው” እያለ የሚሰዳደበው ሕዝብ አሁንም የሚማዘዘው ያንኑ የጥንት ቁጥር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሰው አንድ ሃይማኖት ይዞ ይወለዳል፣ ወይ ይዞት ይሞታል፣ ወይ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ይቀይረዋል ብለን ነው የምናስበው። በቤተሰቤ ያየሁት እንዲህ አይደለም። ሰው በአንድ ዕድሜው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል። የሚያስገባውና የሚያስወጣውም ስብከት ከመሆኑ በፊት አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ማን ቡና ይጠራዋል? ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

የአባቴ ወገን ከወሎ ነው። የአያቴ አያት መሐመድ ተብሎ ተወልዶ ወልደ ሚካኤል ተብሎ ተቀበረ ይባላል። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አሻፈረኝ አሉ። በመሐል ያለው ብዙው ሰው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ነው የኖረው ይባላል። ታሪኩ እዚያ አላበቃም። የራስ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ በ1909 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ሰልመዋል የሚል ነበር። አባት በአንድ በር፣ ልጅ በሌላው።

በእኛም ቤት እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ሰውዬ ልጆች ገሚሱ በጥምቀቱ ጸና፣ ገሚሱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዛሬ ደሴ ዙሪያ ያሉ ዘመዶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። አያቴ ካዛንቺስ ገብታ የቅዱስ ኡራኤል አጥቢያ ሰው ሆና ኖረች። ጾም አትሽርም። በ21 ማርያምን ትዘክራለች። ቡናዋ ሲፈላ ግን የምትመርቀው የወሎ ምርቃት ነው፤ ወዳጃ፣ ማለትም የሙስሊሞቹ የጋራ ዱዓ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እጇን ዘርግታ፣ ሁላችንንም “አሚን በሉ” እያለች። የደሴ ዘመዶቿ መጥተው ካደሩ በግ የሚያርደው እንግዳው ነበር። እሷ ያንን ስጋ አትቀምስም። ግን ድስቱን ለይታ፣ ሽንኩርቱን ቁሌት አድርጋ፣ ራሷ ታበስልላቸዋለች። ጨው መብቃቱን የሚነግሯት እነሱ ናቸው።

አያቴ ስለ ሃይማኖት ስትከራከር ሰምቻት አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ አክስቴ “ድኛለሁ” ያለች ቀን፣ “ከምን?” ብላ ጠየቀቻት።

አክስቴ የዳነችው በደርግ ዘመን ነው። ያ ዘመን ሃይማኖትን በሁለት እጁ የያዘ ዘመን ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። በሚያዝያ 1966 ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ አንግበው አዲስ አበባን በሰላማዊ ሰልፍ አጥለቀለቋት፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። ደርግ መጣና የሙስሊሙን በዓላት ብሔራዊ በዓል አደረገ። ይህ አንደኛው እጁ ነው። በሌላው እጁ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም በዚያው በ1971 ዓ.ም ገደለ። የጴንጤዎቹ አዳራሾች ታሸጉ። አክስቴ እንደምትለው ያኔ የሚጸለየው በሰው ሳሎን ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ይቀመጣል፤ የቀበሌ ሰው ቢመጣ ልደት ነው ለማለት። መዝሙሩ በለሆሳስ ነው።

ለምን እንደገባች ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ስለ ጸጋም ስለ እምነትም አውርታኛለች። አንድ ቀን ግን ልብስ እያጠፈች “ታምሜ ተኝቼ ከመሥሪያ ቤት የመጣችው እሷ ብቻ ነበረች” አለችኝ። እሷ ያለቻት ወደ ሳሎኑ የወሰደቻትን ጓደኛዋን ነው። እኔ ከመጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ኦርቶዶክስ ውስጥ ደግሞ መግባትና መውጣቱ በራሱ በሥርዓቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ያስቀደሰ ሰው ያውቀዋል። ለሥጋ ወደሙ ከሚሰለፈው አብዛኛው ሕፃንና አረጋዊ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ይቆርባሉ። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ንጹሕ ነው፣ ታቅፎ ይቀበላል። ከዚያ ጉርምስና ይመጣል። “አልበቃሁም” ይባላል። ሰዉ ከቅዳሴው ባይቀርም ከቁርባኑ ይርቃል። ልጆች አድርሶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ነፍስ አባቱን ይዞ ይመለሳል። አንዳንዷም ባሏ ሲሞት ቆብ ትደፋለች። አሁን አሁን በሰንበት ትምህርት ቤቶቹ ምክንያት የሚቆርበው ወጣት በዝቷል፤ በእኛ ጊዜ ግን መሐሉ ጭር ያለ ነበር። ስለዚህ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ አይቶ “ይኼ ትውልድ እምነቱን ጣለ” የሚል ሰው ትንሽ ቢታገስ ደስ ይለኛል።

እኔም በዚያ ጭር ባለው ውስጥ ነበርኩ። የመለሰኝ ስብከት አይደለም። ልጅ ወለድኩ። ማታ ማታ እያጠባሁ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ሰማንያኛው ቀን ሲደርስ ነጭ ልብስ ገዝቼ፣ ክርስትና እናት ፈልጌ፣ ለማንም ሳላማክር ኡራኤል ተገኘሁ። ባለቤቴ “አንቺ እኮ አትጾሚም” አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ልጄ የክርስትና ስም ሳይኖራት ልትቀር ነው ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ዓርብን እጾማለሁ፤ ረቡዕ ላይ እንደ ሁኔታው ነኝ።

ትዳርም እንዲሁ ያገላብጣል። ሕጎቹ እኩል ስላልሆኑ ሰዉ የሚሄድበት አቅጣጫም እኩል አይደለም። በእስልምና ወንዱ ክርስቲያን ሴት ማግባት ይፈቀድለታል፤ ሙስሊሟ ግን ሙስሊም ያልሆነ ማግባት አትችልም። ስለዚህ እሷን የወደደ ክርስቲያን ከኒካሁ በፊት ሸሃዳ ይይዛል። በተክሊል ለመጋባት ደግሞ ሁለቱም የተጠመቁ መሆን አለባቸው። የአክስቴ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። ጴንጤ ቤት ተወልዶ፣ በመዘምራን መሐል አድጎ፣ የኡራኤል ሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ወደደ። ክርስትና አልተነሳም ነበርና በሃያ ስምንት ዓመቱ እንደ ሕፃን ተጠመቀ።

አክስቴ “ጥምቀቱን አላይም” አለች። አላየችም። ግን ዋዜማውን ሙሉ ሌሊት እኛ ቤት ዶሮ ስትገነጥል አደረች። እናቴ “አንቺ ተኚ፣ እኛ እንሠራዋለን” ብትላት “የልጄን ወጥ ማንም አይሠራውም” አለች። ሽንኩርቱን እያማሰለች ታለቅሳለች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅናትም።

አክስቴ ስትሞት የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መጥተው ዘመሩ። የሰፈሩ እድር ድንኳኑን ተከለ። ልጇ ፍትሐት እንዲደረግላት ፈልጎ ነበር፤ አይሆንም ተባለ፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭ የሞተች ናት። ተቆጣ፣ አለቀሰ፣ ተወው። በአርባኛው ቀን እናቴ ሁለት መሶብ እንጀራና አንድ ትልቅ ድስት ወጥ አሸክማ ኡራኤል በር ላሉ ነዳያን ወሰደች። “ተዝካር ልታወጪላት ነው እንዴ?” አልኳት። “ምን ተዝካር አለ! ምሳ ነው” አለችኝ። ሦስት የሃይማኖት ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው ይህን ምሳ ምን እንደሚሉት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። መጀመሪያ እኔ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ገባሁ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ሲነሳ እናቴም ወደ እኔ መጣች። ቦታውን ለማያውቅ፣ ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ሚኒባስ ተሰልፎ ነው። ዕጣ ያሰባሰበን ሰዎች ነን። ከመርካቶ የመጣ አለ፣ ከአራት ኪሎ የመጣ አለ፣ ከወላይታ መጥቶ የተከራየ አለ።

ስለ ሃይማኖት ለውጥ ሲወራ ስለ ቤት ለውጥ አለመወራቱ ይገርመኛል። እናቴ ካዛንቺስ ሳለች ሃይማኖቷ በእግሯ ነበር። ሌሊት ለኪዳን ትነሳለች። ነፍስ አባቷ በየጊዜው ጸበል ሊረጩ ብቅ ይላሉ። የጽዋ ማኅበሩ ተራ ይደርሳታል፣ ሰንበቴው አለ። ረቡዕ ዕለት መንገዱ ሁሉ የሚሸተው ሽሮ ነው፤ ብትፈልግም የምትሽርበት ቦታ የላትም። አራብሳ ስትመጣ ይህ ሁሉ ባንዴ ተቆረጠ። መጀመሪያ ሰሞን በ22 ኡራኤልን ለመሳለም በጨለማ ትወጣ ነበር። ጉልበቷ እምቢ አለ። ማኅበርተኞቿ አንዷ ኮዬ ፈጬ፣ አንዷ ገላን፣ አንዷ የት እንደገባች አይታወቅም። ጽዋው ቆመ። ነፍስ አባቷ በስልክ ይባርኳታል።

እናቴ እናቴ ስለሆነች አልጠፋችም። አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው “ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን” ከሚሉት ልጆች ጋር ተዋውቃ፣ በቆርቆሮ የተሠራችውን ደብር አጥቢያዋ አደረገች። የእሷን ያህል ሥር ያልነበራቸው ግን በዝምታ ሲሄዱ አያለሁ። እኛ ደረጃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ያለች ሴት ኦርቶዶክስ ሆና ነው የገባችው። ባሏ ዓረብ አገር ነው። ልጇ ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው በሯን ያንኳኳላትና ክሊኒክ ያደረሳት ሦስተኛ ፎቅ ያለው የጴንጤ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ጸሎቱ ከእነሱ ጋር ነው። ማተቧን አልፈታችም። አንድ ቀን ቆጣሪ ቢመጣ ምን እንደምትል እንጃ።

ልዩነቱ የሚወጣው በበዓል ነው። ለፋሲካ ቅርጫ ሲታሰብ ዝርዝሩ ደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው አንድ በሬ ላይ ይጻፋል። ሙስሊሞቹ ለዒድ የራሳቸውን ያርዳሉ። ኮሚናሉ፣ ማለትም የጋራው ቤት፣ ያው አንድ ነው፤ ቢላዋውና ሸራው ይለያያል። ባለፈው ፋሲካ ግን የወንድሜ ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ ስማችንን ሊያስፋቅ ደረሰ። አራጁ ማን እንደሆነ መጣራት አለበት ይላል።

ይህ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሃይማኖት ክርክር እያየ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ451 ኬልቄዶን ላይ ስለተደረገው፣ አብያተ ክርስቲያናትን ስለከፈለው ጉባኤ ጠይቁት፤ ከእራት እስከ መኝታ ያስረዳችኋል። አያቴ ኬልቄዶን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። እሱ የቅድመ አያቱን የቡና ምርቃት ነግሬው “ባዕድ አምልኮ ነው” አለኝ። ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ገባኝ። አያቴ ኦርቶዶክስ ለመሆን ምንም ማወቅ አያስፈልጋትም ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሸከማት ነበር። እሱ ሰፈር የለውም። ያለው ስልክ ነው። ሃይማኖቱን ብቻውን ነው የሚሸከመው፤ ስለዚህ ጠንክሮ ይዟል። ይኸው ነገር በሌሎቹም ቤት አለ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በሻሽ ብቻ ነው የኖሩት፤ ልጃቸው ኒቃብ ለብሳለች፣ እናቷን ሶላት ታርማለች። የጴንጤዎቹ ልጅ ደግሞ የወላጆቹ ቤተ ክርስቲያን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነቢይ ወዳለበት አዳራሽ ይሄዳል። ወላጆቹ እንደ ሞተ ሰው ያዝኑለታል። እነሱም በጊዜያቸው ኦርቶዶክስ እናቶቻቸውን እንዲሁ አስለቅሰዋል፤ ይህን ግን በፊታቸው አልልም።

ምንም የማያደርግም ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይሄድም፣ አይጾምም፣ አይከራከርም። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብትሉት ግን ስሙን እንደሚናገር ፈጥኖ ይመልሳል። “የለኝም” የሚል ሰው አራብሳ ውስጥ እስካሁን አልገጠመኝም።

እናቴን በጣም ያስጨነቃት ግን እድሩ ነው። የድሮውን መዋጮ በቴሌብር ትከፍላለች። ቢሆንም ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ አራብሳ ድንኳን የሚተክልላት ማን ነው? የብሎካችን እድር ሲመሠረት ቀድማ ተመዘገበች። ሊቀመንበሩ ሐጂ ናቸው። ጸሐፊው የሦስተኛ ፎቁ ጴንጤ ነው። ደንቡ ሲረቀቅ ሃይማኖት እንዳይነሳ ተብሎ፣ ሰው ሲሞት ብሩ በዕለቱ ለቤተሰብ ይሰጥ፣ የቀረው የቤተሰቡ ነው ተባለ። ንጹሕ ነገር ይመስላል። እናቴ እጇን አወጣች።

“ሐጂ፣ እኔ ስሞት ብሩን ለዚች ልጄ ሰጥታችሁ ልትሄዱ ነው?”

“አዎ እትዬ፣ ወዲያውኑ።”

“እሷ እኮ ፍትሐቱን አታውቅም፣ ተዝካሩን አታውቅም። ቆሞ የሚያስደርጋት ማን ነው?”

ቤቱ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። “እኛ ቆመን እናስደርጋታለን” አሉ።

“እንግዲያው ይጻፋ!”

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ተቸገረ። ተዝካር የሚል ቃል በእጁ መጻፍ እንደከበደው ፊቱ ላይ ይታያል። እስኪመሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ሟች በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ ባስታወቁት ሥርዓት እድሩ ያስፈጽማል የሚል አንቀጽ ገባ። በማግስቱ እናቴ ወረቀት አስመጣችና ለእኔ ማስጻፍ ጀመረች። የነፍስ አባቷ ስልክ፣ የክርስትና ስሟ፣ ምን ያህል ጤፍ፣ ማን ማን እንዲጠራ። ልጄ ከጎናችን ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየች። ዘንድሮ ከሦስተኛ ፎቅ ልጆች ጋር መዝሙር ታጠናለች፤ አያቷ ታውቃለች፣ እስካሁን ምንም አላለችም።

“እማማ፣ እኔስ ምን ብዬ ላስጽፍ?” አለቻት።

“አንቺ መጀመሪያ ረቡዕን ጹሚ” አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አንቺም” አለችኝ።